የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ፒኤችዲ ልግባ? ለአንዲት የብድር ባለሙያ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ የብድር ተንታኝ ናት። በአካውንቲንግና ፋይናንስ ማስተርስ አላት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማስተማርና መመራመር ትፈልጋለች። ለፒኤችዲ ያሰበችው ርዕስ «የግል ባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች» ነው፤ ሪል እስቴትም እንደሚስባት ጽፋለች። ሥራዋን ትልቀቅ? እዚህ ትማር ወይስ ውጭ? ከባንኩ የወሰደችው የሠራተኛ የቤት ብድር አለባት። ዕድሜዋ 33 ነው፤ «ዘግይቼ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ የዕድሜውን ነገር ተዪው። ባንክ ሠርቶ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ፒኤችዲ የሚገባ ሰው ሞልቷል፣ በዚህ ሙያ ማንም ዕድሜሽን አይጠይቅሽም። ሥራሽን ግን ዛሬ አትልቀቂ። መጀመሪያ ጥያቄሽን ያዢ። አሁን ከተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አለ፣ እሱን ሳትይዢ ከወጣሽ ዩኒቨርሲቲ ስትደርሺ ከማንኛውም አመልካች እኩል ባዶ እጅሽን ነው የምትጀምሪው፣ እንዲያውም ከኢኮኖሚክስ የመጡት በሒሳብ ይበልጡሻል። ያንቺ ብልጫ ብድር እንዴት እንደሚፈቀድና እንዴት እንደሚከለከል በዓይንሽ ማየትሽ ነው።

ስለ ርዕስሽ በግልጽ ልንገርሽ። ተዪው። «የግል ባንኮች ትርፋማነት» የሚል የማስተርስ ጽሑፍ በየዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ተደርድሮ ታገኚዋለሽ፣ አንዱን ካነበብሽ ሁሉንም አነበብሽ። የባንኮቹ ዓመታዊ ሪፖርት ይሰበሰባል፣ የአሥር ዓመት ያህል። ከሀብት የተገኘ ትርፍ ባንድ ወገን ይቀመጣል፤ ካፒታል፣ የባንኩ መጠን፣ የተበላሸ ብድር፣ የዋጋ ንረትና የአገር ውስጥ ምርት በሌላው ወገን። ሶፍትዌሩ ይሠራዋል፣ ከዚያ «የአስተዳደር ብቃት ጉልህ ተጽዕኖ አለው» ተብሎ ይደመደማል። ያ ብቃት የሚለካው ደግሞ ወጪን ለገቢ በማካፈል ነው፤ ወጪው ያነሰ ባንክ ትርፉ ከፍ አለ ማለት ነው እንግዲህ። ይሄንን ለማወቅ አራት ዓመት መማር አያስፈልግም። ትልቁ ችግር ግን እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው። ባንኩ ትልቅ ስለሆነ ነው ያተረፈው ወይስ ስላተረፈ ነው ያደገው? በዚያ ዳታ አይታወቅም። አማካሪ መምህርሽ ዝም ቢልሽ እንኳ የውጭ ጆርናል ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

ታዲያ ከምን ልነሳ ካልሽ፣ አንድን ነገር ድንገት ከለወጠ መመሪያ ተነሺ። አገራችን በዚህ በኩል ሀብታም ናት። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቢል (ባንኩ ለብሔራዊ ባንክ ማበደሩን የሚያሳይ ሰነድ) እንዲገዙ አዘዘ፣ የመንግሥት ባንኮችን ግን አላስገደደም፤ በኅዳር 2012 ደግሞ ግዴታው ተነሣ። በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተገደበ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ ጸደቀ፣ በጥር 2017 አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። እያንዳንዳቸው ከእነሱ በፊትና ከእነሱ በኋላ የሚባል ጊዜ ሠርተዋል። እኩሌቶቹ ደግሞ አንዱን ባንክ ነክተው ሌላውን አልነኩም፣ ተመራማሪ የሚፈልገው ይህንን ነው።

የ14 በመቶውን ገደብ እንይ፣ አንቺ ውስጡ ስለነበርሽ። ከገደቡ በፊት በየዓመቱ 30 እና 40 በመቶ ብድሩን ሲያሳድግ የነበረ ባንክ አለ እንበል፣ ሌላው ደግሞ በራሱ ምክንያት በ10 በመቶ ብቻ ያድግ የነበረ ነው። መመሪያው የመጀመሪያውን ያንቀዋል፣ ሁለተኛውን አይነካውም። ሁለቱ ከመመሪያው በፊትና በኋላ ምን እንዳደረጉ ስታነጻጽሪ የመመሪያውን ውጤት ከሌላው ውጤት ትለይዋለሽ። ከዚያ እውነተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ጣሪያው ሲሞላ ማን ነው የተባረረው? አዲስ ደንበኛ ነው ወይስ ነባር? ትልቅ አስመጪ ነው ወይስ የወርክሾፕ ባለቤት? መያዣ ያለው ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ የቀረበ? አንቺ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ፣ ኮሚቴው አይቶት፣ «ሊሚት ሞልቷል፣ ይጠብቅ» ተብሎ የተመለሰ ደንበኛ በስሙ ታውቂያለሽ። ይህ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የለም። ስለዚህም ነው ወንበሩ ላይ ሳለሽ አስቢበት የምልሽ።

ሌሎች የኛን ጥያቄ ቀድመው እየጠየቁት ነው። የ27 በመቶውን ግዥ ወስደው ባንኮች በሚሰበስቡት ተቀማጭ ላይ ምን እንዳመጣ ያጠኑት ኒኮላ ሊሞዲዮና ፍራንቼስኮ ስትሮቤ ናቸው፣ ሥራቸውም በታወቀ የፋይናንስ ጆርናል ወጥቷል። እዚህ ግን አብዛኛው ወሬያችን «ቢሉ ብድር አሳጣን» የሚል ነበር፣ እነሱ ሌላኛውን ጎን ጠየቁ። ያንን ዘመን ባንክ ውስጥ ያሳለፉ ስንት ልጆቻችን ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ወደ ሪል እስቴቱ ልምጣ፤ እኔ አንቺን ብሆን የምገባው እዚህ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣን አስቢ። ሰው ተመዝግቦ ይቆጥባል፣ ማን እንደሚደርሰው የሚወስነው ዕጣ ነው። በየትኛውም ዓለም ቤት ያለውንና የሌለውን ሰው ብታነጻጽሪ ልዩነቱ ከቤቱ ይምጣ ከሰውየው አይታወቅም፣ ገንዘብ ያለው ነውና ቤት የሚገዛው። እዚህ ግን የደረሰውና ያልደረሰው ሰው ከዕጣው በፊት በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው። እንግሊዝ የሚያስተምረው ሳይመን ፍራንክሊን የአዲስ አበባን ዕጣ ይዞ ያጠናው ለዚህ ነው። ግን ያላለቀ ብዙ አለ። ቤት የደረሰው ሰው ቤቱን አስይዞ ተበደረ ወይ? መሸጥ በማይፈቀድበት አምስት ዓመት ውስጥ አከራይቶት ገንዘቡን ምን አደረገበት? ከተማ መሀል የሚሠራ ሰው ዳር ሲደርሰው ሥራውን ነው የሚለውጠው ወይስ ቤቱን ያከራያል? የባንክ ሰው እነዚህን ከማንም በተሻለ ይጠይቃቸዋል።

የአዲስ አበባን የቤት ዋጋ ማጥናት ለምን እንደሚከብድ ታውቂዋለሽ። በአሜሪካ ካርል ኬዝና ሮበርት ሺለር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዳበሩት መንገድ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሲሸጥ ዋጋውን አነጻጽሮ የዋጋ ለውጥ የሚለካ ኢንዴክስ መሥራት ነው፤ ሺለር በ2013 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። መንገዱ የሚሠራው ግን ውል ላይ የተጻፈው ዋጋ እውነተኛ ሲሆን ነው። እኛ ጋ ውልና ማስረጃ ፊት የሚጻፈውና ደላላው የሚያውቀው ዋጋ ስንት ጊዜ ይገጥማል? ሰዉ ታክስ ለመቀነስ አሳንሶ ያስጽፋል። ባንኩ የሚገምተው ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው። መሬት የመንግሥት ስለሆነ የባንኩ መሐንዲስ የሚነሳው ከግንባታው ወጪ ነው፦ ካሬው፣ ፎቁ፣ የመስኮቱና የወለሉ ዓይነት፣ እርጅናው፣ ከዚያ በቦታው ደረጃ ያባዛዋል። ቦሌ ያለ አንድ ቤት ደላላው የሚጠራለትና መሐንዲሱ የሚያወጣለት ዋጋ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ያስመስለዋል። የልዩነቱ መጠን በየሰፈሩ ምን ያህል ነው? ልዩነቱ የሰፋበት አካባቢ ያለ ነጋዴ ከሚገባው በታች እየተበደረ ነው ወይ? ይሄ ለአንድ ፒኤችዲ ይበቃል፣ ተርፎም ሌላ ሰው ያሠራል።

ደግሞ ማንም ሳይከለክልሽ ልትሰበስቢው የምትችይው ዳታ አለ። የሐራጅ ማስታወቂያ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ ካልተከፈለው 30 ቀን አስጠንቅቆ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፣ ሐራጁም በጋዜጣ ይወጣል። ሠንጠረዡን ስንቴ አይተሽዋል፦ የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ ቅርንጫፉ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የካርታ ቁጥር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። አሁን የቆዩ ጋዜጦችን አንድ በአንድ ገልጠሽ እነዚህን ወደ ኤክሴል ብታስገቢ (ስሙን አውጥተሽ፣ የሰው ችግር ነውና) በቦታ፣ በስፋትና በጊዜ የተደረደረ የመነሻ ዋጋ ይኖርሻል። አንድ ንብረት በመጀመሪያው ሐራጅ ሳይሸጥ ሲቀር ድጋሚ ማስታወቂያ ይወጣል፣ በካርታ ቁጥሩ ስትከተይው ገበያው መቼ እንደቀዘቀዘ ያሳይሻል። ጉድለቱንም ወዲያው ጻፊው፦ ሐራጅ የወጣ ቤት ተራ ቤት አይደለም፣ የተቸገረ ሰው ቤት ነው፣ ስለዚህ ከገበያው ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ጉድለት እንዴት እንደምታስተካክይ ማሳየት ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ዓይን ያደክማል፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የማይነካው።

የባንኩን የራሱን ፋይል በተመለከተ ግን አደራ። የደንበኛ ምሥጢር ነው። ኮምፒውተርሽ ላይ ስላለ ያንቺ አይደለም፣ በፍላሽ ገልብጠሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ ስሙን አጥፍቼዋለሁ ብለሽም ቢሆን። ፍላጎትሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ባንኩ ስም የሌለውን ዳታ በደብዳቤ እንዲፈቅድልሽ ጠይቂ፣ ከጥናቱ የሚያገኘውን ጥቅም ንገሪያቸው። የግመታውን ልዩነት የሚያሳይ ጥናት ለሪስክ ክፍሉ ራሱ ይጠቅመዋል። ሥራ ላይ ሳለሽ የሚጠየቅ ፈቃድ ከለቀቅሽ በኋላ ከሚጠየቀው በብዙ ይቀላል፣ ይህም አንድ ሌላ ምክንያት ነው።

አሁን ስለ መማሪያው ቦታ። እዚህ አገር ከሆነ መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚሉትን፣ ታልፊያለሽ፣ ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ይለይሻል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ሪል እስቴት እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ፋይናንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ አይደለም። የመሬትና የንብረት ግመታ ሰዎችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት፣ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዲስ አበባ ልደታ ያለው የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው የምታገኚያቸው። ፋይናንስ ውስጥ ሆነሽ የቤት ዋጋ ብታጠኚ ከእነዚህ አንዱን ተባባሪ አማካሪ አድርጊ። አማካሪ ስትመርጪ በማዕረጉ አትመልከቺ። ባለፉት አምስት ዓመታት ምን አሳተመ? ተማሪዎቹ በስንት ዓመት ጨረሱ? ቀድመው የተመረቁትን ፈልገሽ ቡና ጋብዢና ጠይቂያቸው፣ ፊት ለፊት ይነግሩሻል።

ውጭ ከሆነ መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አሜሪካ የፋይናንስ ፒኤችዲ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ችለው የወር መኖሪያ ይሰጣሉ፣ ግን አንድ ትምህርት ክፍል በዓመት የሚቀበለው በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ጋር ማይክሮና ኢኮኖሜትሪክስ ነው፣ ሒሳቡ ከባድ ነው። ስለዚህ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባብሊቲ ከአሁኑ ያዢ፣ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያወጣቸውን ነጻ ትምህርቶች በማታ መከታተል ትችያለሽ። ጂአርኢ ወይም ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የሚጠይቁ አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅሽ የጻፈው ብዙም አይረዳሽም፣ «ይህች ልጅ ምርምር ትችላለች» ማለት የሚችል፣ ራሱ የሚመራመር ሰው ያስፈልግሻል። ያንን ሰው የምታገኚው አብረሽው ስትሠሪ ነው። በእረፍት ቀንሽ ዳታ ማጽዳት፣ የሐራጁን ፋይል ማሳየት፣ አብሮ አንድ አጭር ጽሑፍ መጻፍ። በአንድ ኢሜይል አይገኝም።

አውሮፓ ውስጥ ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ ፒኤችዲ ተማሪ እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላበት አሠራር አላቸው፣ ቦታው እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ነው የሚወጣው። ለሪል እስቴት ስቶክሆልም ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬቲኤች፣ አንዱ ነው፣ ከባሕር ዳር የሄዱ ሰዎችን በመሬትና ንብረት ጉዳይ በፒኤችዲ አስተምሯል። አህጉራችን ውስጥ ደግሞ ናይሮቢ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት፣ ኤኢአርሲ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፣ የመመረቂያ ምርምር ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል፤ እዚህ ተመዝግበሽም ማመልከት ትችያለሽ። ይህን ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የመሩት ፕሮፌሰር ለማ ሰንበት ናቸው። እሳቸው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ከነበረው ስድስት ኪሎ አግኝተው፣ አሜሪካ ቡፋሎ ፒኤችዲያቸውን ሠርተው፣ ዊስኮንሲን አስተምረው፣ በኋላም ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ፕሮፌሰር ሆነው ዓለም የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። መንገዱ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል።

የትኛውም ይሁን፣ በራስሽ ገንዘብ ለፒኤችዲ አትክፈይ። ውጭ አገር የፋይናንስ ፒኤችዲ «ከፍለሽ ተማሪ» ከተባልሽ ፕሮግራሙ በደንብ መመርመር አለበት። ጆርናልም እንደዚያው። ኢሜይል ልኮ «በሁለት ሳምንት እናትምልሻለን፣ ይህን ያህል ዶላር ላኪ» የሚልሽን ሰርዢው። ለማዕረግ ዕድገት ሲቀርብ ውድቅ ይደረጋል፣ ባይደረግም ስምሽ ላይ ይቀራል። አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ ረቂቅ እስከ ኅትመት ሁለት ሦስት ዓመት መፍጀቱ በዚህ ሙያ የተለመደ ነው፣ እንዳትደናገጪ።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን ስሚ። እዚህ አገር የሌክቸረር ደመወዝ አንቺ አሁን ከምታገኚው ያንሳል፣ ቦነስም የለም። አብዛኛው መምህር የማታና የቅዳሜ ትምህርት እየጨመረ ነው የሚኖረው፣ ያ ደግሞ ለምርምር የሚሆነውን ጊዜ ይበላዋል። ይህን ሳታውቂ ገብተሽ በኋላ እንድትቆጪ አልፈልግም። የሠራተኛ ብድርሽ ደግሞ ዋናው ማነቆ ነው። ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ፦ ስትለቅቂ ወለዱ ወደ ንግድ ወለድ ይቀየራል ወይ? ወይስ ቀሪው በአንዴ ይጠየቃል? ብዙ ባንኮች ወለዱን ይቀይራሉ፣ የወር ክፍያሽ በአንድ ቀን ሊያሻቅብ ይችላል። አዲሱን የወር ክፍያ አስልተሽ ከሌክቸረር ደመወዝ ጎን አስቀምጪው። ካልገጠመ ሦስት መንገድ አለ። ባንኩን የትምህርት ፈቃድ ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ተመልሶ የማገልገል ውል አስፈርመው ይፈቅዳሉ። ወይም ቤቱን አከራይተሽ ክፍያው ራሱን ይቻል እንደሆነ እዪ። ወይም ደግሞ ሥራ ላይ ሆነሽ የሐራጁን ዳታና የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ጨርሰሽ ደመወዝ ያለው የውጭ ቦታ እስኪገኝ ጠብቂ። እኔ ሦስተኛውን እመርጥልሻለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ የምታመለክችው የምታሳይው ነገር ይዘሽ ነው፣ እምቢ ቢሉሽም የቤትሽን ብድር እየከፈልሽ በሚቀጥለው ዓመት ደግመሽ ታመለክቻለሽ።

አሁን ይህንን አድርጊ። የምትፈልጊውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጻፊ፦ ምን ተለወጠ፣ ማንን ነካ፣ ማንን አልነካም፣ ዳታው የት አለ። ከዚያ የአንድ ዓመት የሐራጅ ማስታወቂያ ከአንድ ጋዜጣ ላይ ሰብስቢ፣ የቆዩ እትሞችን ለማግኘት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ጎራ በይ። ሁለቱን ይዘሽ ከተመለስሽ ገጹን አነብልሻለሁ፣ የሚመለከተውን መምህርም እጠቁምሻለሁ።